«ውል የመጨረሻ 2»

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት የፋይል ስም ነገር ነው። ቀላል ርዕስ ይመስላል። እኛ ራሳችን ለመምህር የምንልከውን ሥራ «አሳይመንት 1» ብለን እንሰይማለን፤ ስልሳ «አሳይመንት 1» ሲደርሳቸው ምን እንደሚያደርጉ እሳቸው ይወቁት። ነገሩ የሚከብደው ሰነዱ ክርክር ውስጥ ሲገባ ነው።

ሀና ማርያም፣ እኛ ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ማመልከቻውም የኪራይ ውሉም እዚያ ነው የሚጻፈው። እትዬ የምላቸው አንዲት ጎረቤታችን የሱቃቸው የኪራይ ውል ጠፋባቸው። አከራዩ «ውሉ የአንድ ዓመት ነበር፣ አልቋል፣ ልቀቁ» አሏቸው። እትዬ ደግሞ የሁለት ዓመት ነው ባይ ናቸው። ምስክሮቹን ያመጡት አከራዩ ስለነበሩ ስማቸውን እንኳ አያስታውሱም። የቤቱ ሁሉ ጉሮሮ ያለው እዚያች ሱቅ ላይ ነው። «አንቺ ኮምፒዩተር ታውቂያለሽ፣ እስኪ ነይ» ብለውኝ ውሉ ወደተጻፈበት ቤት ሄድን።

ኮምፒዩተሩ ላይ የጠበቁን «ውል»፣ «ውል አዲስ»፣ «ውል የመጨረሻ»፣ «ውል የመጨረሻ 2» የሚሉ ፋይሎች ናቸው። ጸሐፊው አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የድሮውን ውል ከፍቶ፣ ስምና ብሩን ቀይሮ፣ ሌላ ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ ስሙ ባይረዳ ሜታዳታው ይረዳል ብዬ ነበር፤ ማለትም ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈና መቼ እንደታረመ ፋይሉ በሆዱ ይዞት የሚዞረው መረጃ። ከፍተን ብናይ የሁሉም ጸሐፊ አንድ ሰው ነው፤ ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ የጫነው ልጅ! ቀኑ ደግሞ ባሰ። ፋይሎቹ ከአሮጌው ማሽን በፍላሽ ስለተገለበጡ «የተፈጠሩበት» ቀን ከታረሙበት በኋላ ሆኖ ተቀመጠ። ልጅ ሳይወለድ ክርስትና ተነሣ እንደማለት ነው።

የቀረን ጽሑፉን ውስጡን መፈለግ ነበር። የእትዬ አባት ስም «ኃይለ» ብሎ ይጀምራል። በ«ኃ» ፈለግን፣ የለም። በ«ሀ» ሞከርን፣ የለም። በ«ኀ»ም እንደዚያው። በ«ሃ» ተገኘ። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ድምፅ ለኮምፒዩተሩ አራት የተለያየ ሰው ነው። (ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህም ባልሠራ።) ውሉ የተቀመጠው በሌላ ተከራይ ስም ነበር። ሁለት ዓመት ይላል፤ ከታች የሁለት ምስክሮች ስም አለ።

ያልተፈረመ ፋይል በራሱ ውል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል የተዋዋዮችን ፊርማና የሁለት ምስክሮችን ማረጋገጫ ይፈልጋል። ዋናው ጥቅም ግን የምስክሮቹ ስም መታወቁ ነው። አንደኛው ተገኙ፤ ጉዳዩም በሽማግሌ ተይዟል። ሱቁ እስካሁን አልተዘጋም።

ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር ያሉ የሕግ ድርጅቶች ይህን እንዴት እንደሚይዙት ሳነብ ቆየሁ። እንደ ሪላቲቪቲ ያሉት የሰነድ መመርመሪያ ሶፍትዌሮች የፋይሉን ስም አያምኑትም፤ አይጥሉትምም። ለእያንዳንዱ ሰነድ የራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ስም፣ ጸሐፊው፣ ቀኑ፣ ከማን እጅ እንደተገኘ ለየብቻ ይመዘገባል። ከይዘቱ ደግሞ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ይሰላል፤ «ውል»ን ገልብጣችሁ «ውል የመጨረሻ» ብትሉት አሻራው ስለማይቀየር አንድ መሆናቸው ይታወቃል። የእኛም ፍርድ ቤቶች በወረቀቱ ዘመን ይህን ያውቁት ነበር፤ ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠውን ውሳኔ ጠበቆች የሚጠሩት በመዝገብ ቁጥሩ ነው።

ይሁንና እነዚያ ሶፍትዌሮች ለእኛ ተብለው አልተሠሩም። «05-01-2017» የሚል የፋይል ስም ለእኛ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ ግን እንደ አቀማመጡ ጃንዋሪ 5 ወይም ሜይ 1 ቀን 2017 ብሎ ይወስደዋል፤ ትክክለኛው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ሆኖ ሳለ። የሰባት ዓመት ልዩነት ለአንድ የኪራይ ክርክር ቀላል አይደለም። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ውስጥም የአባታችን ወይም የአያታችን ስም ይገባል። ለነገሩ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። እስኪ ከመካከላችን ያለው ማን ነው?

ለእኛ ሙያ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኢራቅ ያወጣውን ሰነድ በዎርድ ፋይል ስለለቀቀው፣ በመጨረሻ ያረሙት ሠራተኞች ስም ከውስጡ ወጥቶ ዓለም አነበበው። እነሱስ መንግሥት ናቸው። እኛ ነገ «ስሜ አይጠቀስ» ብሎ ፋይል የሚሰጠን የቢሮ ሠራተኛ ይኖራል። ስሙን ከዜናው አውጥተን ፋይሉን ግን እንዳለ ለሌላ ሰው ብናስተላልፈው፣ ያ ሰው ከፍቶ «ጸሐፊ» የሚለውን መስመር ማየት ብቻ ይበቃዋል።