ሮምን በነጠላ

ሮም፣ ሐምሌ። የመጀመሪያው ቀን፣ ማለዳ።

እትዬ ቦርሳዬን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ማጋነኔ አይደለም፤ ዚፑን ከፍተው ገለበጡት። እናቴ እንኳ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። ግን እሳቸው የአክስቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ ሮም ውስጥ የጣልያን አሮጊቶችን ሲያስታምሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያደርኩትም በእሳቸው ሶፋ ላይ ነው። ዝም አልኩ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ጃንጥላ።»

«ይሄስ?»

«ሹራብ ነው እትዬ። ማታ ማታ ከበረደ ብዬ…»

ሳቁብኝ። ከአዲስ አበባ ስነሳ ዶፍ እየወረደ ነበር፤ በሐምሌ ያለ ጃንጥላ መውጣት ለእኔ ያለ ጫማ እንደመውጣት ነው። እዚህ ግን ሐምሌ የበጋው አናት ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አስፋልቱ ይግላል። ጃንጥላና ሹራብ ወደ ሻንጣ ተመለሱ። ጡብ የሚያክለው የጉዞ መጽሐፍ ተከተላቸው። ከዚያ ሁለት ሊትር ውሃ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የራስ ምታት ክኒን ከነካርቶኑ፣ ለሁለት ሳምንት የያዝኩት ዩሮ በሙሉ በአንድ ፖስታ። ቦርሳው ሳይራገፍ በፊት በሻንጣ ሚዛን ሰቅለውት ነበር፦ ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም።

«ልትዘምቺ ነው እንዴ?»

ቀልዳቸው አናደደኝ፤ እውነት ስለነበረው ነው። መንገድ ሲባል ስንቅ የሚታየን ሰዎች ነን። እቃዎቹን አንድ በአንድ ስመለከታቸው አንዱም የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም የምፈራው ነገር ነበር። ዝናቡን ፈርቼ ጃንጥላ፣ ረሃቡን ፈርቼ በሶ፣ መጥፋቱን ፈርቼ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ።

ዩሮው ለሦስት ተከፈለ። የቀኑ ወጪ በሱሪ ኪስ፣ ትንሽ መጠባበቂያ በቦርሳው የውስጥ ኪስ፣ ሌላው እቤት። በፓስፖርቱ ግን አልተስማማንም። እትዬ ፎቶ ኮፒውን ይዤ ዋናውን እንድተወው መከሩኝ። የሸንገን ቪዛ የተለጠፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢጠፋ ምን እንደሚከተል ሳስብ ለመተው ልቤ ዳዳ። ግን ፖሊስ መታወቂያ የመጠየቅ መብት አለው፤ ኮፒ ካላረካው የቀኔ ጉዞ ጣቢያ ያልቃል። በአንገት የሚንጠለጠል ስስ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ከሸሚዜ ስር አዋልኩት። ኮፒውን እቤት ተውኩት። በዚህ አሁንም አልጸጸትም።

ከበር ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ነጠላሽ የታለ?»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ ለመዞርማ…»

«ታዲያ የት የምትሄጂ መስሎሽ ነው!»

ነጠላውን አጣጥፈው ከቦርሳው ሥር አስገቡ። በሶውን እኔ ደግሞ፣ እሳቸው ዞር ሲሉ፣ መልሼ ከተትኩት።

*

ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። የአውቶቡስ ፌርማታዎቹ እዚያው ናቸው። ቱሪስቱ ሁሉ ካርታውን ገልብጦ እያዞረ ይቆምበታል፤ እኔም ቆምኩ፤ ትንሽ ቀና ብዬ ቆምኩ መሰለኝ።

ወደ ቫቲካን የሚወስደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው። ትኬቱን ገብቶ ማሽኑ ላይ ማስመታት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። አንድ እጄ ትኬት፣ ሌላው የአውቶቡሱን ብረት ይዞ፣ ቦርሳዬ ከጀርባዬ። አውቶቡስ ተራ ያደገ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ አገር ስቀይር ግን ብልሃቴም ከጃንጥላው ጋር እቤት ቀርቷል። ስወርድ የኋላው ትንሽ ኪስ ዚፕ ተከፍቷል። በውስጡ የነበረው ሶፍት ብቻ ነው፤ ሶፍቱም አለ። ንቀት ይሁን ጥድፊያ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቦርሳው በሆዴ ላይ ነው፤ እርጉዝ ብመስልም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ለመግባት ሰልፉ በአምዶቹ ሥር ይጠመዘዛል። ጫፉ ላይ የፍተሻ ማሽን አለ። ጠባቂው ወደ ማሽኑ እያመለከተ «ላ ቦርሳ» አለኝ፤ አስተርጓሚ ሳያስፈልገኝ አስቀመጥኩ። ቃሉን ከእነሱ ወስደን የራሳችን አድርገነዋል፤ በገዛ ቃሌ የታዘዝኩ ያህል ነበር። ማሽኑ ቆመ። ጠባቂው ስክሪኑን አየ፣ ባልደረባውን ጠራ፣ ባልደረባው አየ። በሶው ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ቡናማ ዱቄት እንዴት ይብራራል? «ፋሪና» አልኩ፤ እትዬ ማታ ዱቄትን በጣልያንኛ ሲጠሩ የሰማሁት ቃል ነው። ቋጠሮውን እራሴ ፈታሁ፣ በጣቴ ቆንጥሬ ቀመስኩ። በሶ በደረቁ የቀመሰ ያውቃል፤ ሳል ያዘኝ። ከኋላዬ ያሉት ሁለት እርምጃ አፈገፈጉ። ጠባቂው ሳቁን ውጦ እለፊ አለኝ።

ከፊቴ የነበረች እጅጌ የሌለው ቀሚስ የለበሰች ወጣት ግን በሩ ላይ ተመለሰች። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አይገባም። ተመልሳ ከመንገድ ሻጭ ሻርፕ ለመግዛት ሄደች፤ ሰልፉም እንደገና ከጭራው ይጀምርላታል። እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ ተከናነብኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ መነኩሴ በኢየሩሳሌም አድርገው እዚያ ደርሰው እ.ኤ.አ. በ1548 ዓ.ም. የግዕዝ አዲስ ኪዳንን ሮም ውስጥ ማሳተም ጀምረዋል። በረሃ ያቋረጡት የብራና መጻሕፍት ይዘው ነው። ስድስት ኪሎ ከአራት መቶዬን አስታወስኩና ጉዳዩን ተውኩት።

*

ሦስተኛ ቀን።

ውሃ አልሸከምም። የሮም ጎዳናዎች ላይ ከብረት የተሠሩ ሲሊንደር የሚመስሉ ቧንቧዎች አሉ፤ «ናሶኔ» ይሏቸዋል፣ ትልቅ አፍንጫ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ወደ 2,500 ይጠጋሉ። ቀንና ሌሊት ይፈስሳል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ነጻ ነው። የጄሪካን ሰልፍ ያየ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ መዝጊያውን ነው የሚፈልገው፤ እኔም ዞሬ ፈለግኩ፤ የለውም። አንድ ሽማግሌ እንዴት እንደሚጠጣ አሳየኝ። የአፍንጫውን ጫፍ ከታች በጣት ሲደፍኑት፣ ከላይ ካለች ቀዳዳ ውሃው ቅስት ሠርቶ ወደ አፍ ይወጣል። እኔ ስሞክረው ወደ ዓይኔ ነው የወጣው። ግማሽ ሊትር የምትይዝ አንዲት ሃይላንድ በቃችኝ።

ነጠላው ደግሞ ሥራ በዛበት። ቀትር ላይ ራሴን እሸፍንበታለሁ፤ ቧንቧው ላይ ጫፉን አርሼ አንገቴ ላይ እጥለዋለሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደርቋል። ሌላው በቦርሳዬ የቀረው ጥቂት ነው። የስልክ ፓወር ባንክ፣ ምክንያቱም ካርታ የሚያሳይ ስልክ ከሰዓት በኋላ ይሞታል። የእትዬ አድራሻ በወረቀት፣ ለዚያው ሰዓት። ለመጸዳጃ ቤት ሳንቲም። ፕላስተር፦ የሮም መንገድ በትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ አዲስ ጫማዬ ተረከዜን በልቶታል። ዳቦ ቆሎም አለ። በሶው እቤት ነው፤ እትዬ ጠዋት ጠዋት በማር እየበጠበጡ ይጠጡታል፤ ስላሾለክሁት አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ከሰዓት በኋላ ፖርታ ካፔና ሄድኩ። የአክሱም ሐውልት ስልሳ ስድስት ዓመት ቆሞበት ወደነበረው ቦታ። 24 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ድንጋይ ሦስት ቦታ ከፍለው በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን መልሰውታል፤ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። አሁን እዚህ ሁለት አሮጌ አምዶች አሉ፤ መኪናው ዙሪያውን ይሽከረከራል። ፎቶ የሚያነሳ የለም። ሣሩ ላይ ተቀምጬ እጄን ቦርሳው ሥር ሰደድኩ፤ ሁለት ፍሬ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ የተጣበቀ ሳንቲም።

ስልኬ ጠራ።

«የት ነሽ ልጄ?»

«ሐውልቱ የነበረበት ጋ ነኝ እትዬ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ ሲያወርዱት ነበርኩ። ሄጄ አይቻለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ተመለሰ፤ «ፀሐዩ ይገድላል፤ ውሃ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

ሃይላንዷ ባዶ ነበረች። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ አፍንጫ ፍለጋ ተነሳሁ።