ከማራንጉ እስከ ሙራንጋ

ናይሮቢ የምንኖር ሐበሾች ኢስሊን ሕንፃ በሕንፃ እናውቃታለን። የትኛው ምግብ ቤት ክትፎው እንደሚጥም፣ የትኛው ሱቅ በርበሬ ከአገር ቤት እንደሚያስመጣ እንግዳ ሳይጠይቀን እንነግረዋለን። ሪጅዌይስ ውስጥ፣ ከኪያምቡ መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ፓ ያ ፓ የተባለውን የሥነ ጥበብ ማዕከል የሚያውቅ ወገን ግን ብዙም አልገጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል። ስለ መሥራቹ፣ ስለ ሠዓሊውና መምህሩ ኤሊሞ ንጃው ልጽፍላችሁ የተነሣሁትም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ንጃው የተወለዱት በ1932 በኪሊማንጃሮ ግርጌ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ ማራንጉ ውስጥ ነው። ሥዕል ለመማር ካምፓላ ወረዱ፤ ማኬሬሬ ኮሌጅ ገቡ። እዚያ የሥዕል ትምህርቱን የመሠረቱት እንግሊዛዊቷ ማርጋሬት ትሮወል ነበሩ። በ1930ዎቹ ማስተማር የጀመሩት በቤታቸው በረንዳ ላይ ነው። ተማሪዎቻቸው የአውሮፓን ሥዕል እንዲገለብጡ አይፈልጉም፤ ታሪክ ይነግሯቸዋል፣ እነሱም በዓይነ ልቡናቸው ያዩትን ይሥላሉ። የአፍሪካዊ ሥዕል ምን መምሰል እንዳለበት በቅኝ ግዛት ዘመን አንዲት ፈረንጅ መወሰኗ የሚያስተች ነው፤ ሲያስተችም ኖሯል። ለንጃው ግን በር ከፍቷል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ንጃው ድንበር ተሻግረው ያኔ ፎርት ሆል ትባል ወደነበረችው ሙራንጋ መጡ። ጊዜው በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ የተነሣው የማው ማው ዐመፅ ዘመን ነው። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የማው ማውን መሐላ አንፈጽምም ብለው ለተገደሉ የኪኩዩ ክርስቲያኖች መታሰቢያ ካቴድራል አሠርታ ነበር። የግድግዳው ሥዕል ለወጣቱ ንጃው ተሰጠ።

ሥዕሎቹ አምስት ናቸው፦ ልደት፣ ጥምቀት፣ የመጨረሻው እራት፣ ጌቴሴማኒ፣ ስቅለት። ክርስቶስ ጥቁር ነው። ሐዋርያቱም፣ እናቲቱም እንደዚያው። ከኋላቸው ያለው አገር ይሁዳ አይደለም፤ ሰዉ በየቀኑ የሚወጣውና የሚወርደው የሙራንጋ ሸንተረር ነው። ለእኛ ይህ ብርቅ ላይመስለን ይችላል። የእኛ ሠዓሊዎች ቅዱሳኑን ዓይናቸው ጎላ ጎላ ባለ ጠይም ፊት ሲሥሉ ዘመናት አልፈዋል። የሙራንጋ ምዕመን ግን ከሚሲዮኑ የታተመ ሥዕል ሲሰጠው የኖረው ጸጉረ ወርቃማ ኢየሱስ ነው። እኛ ከአባቶቻችን የወረስነውን ንጃው ከባዶ ግድግዳ ጀመሩት።

በዚያ ላይ መሬቱ ደም ያልደረቀለት ነበር። በዚያው ሸንተረር አንዱ ወንድም ጫካ ገብቶ፣ ሌላው ከእንግሊዞች ጋር ቆሞ፣ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሏል። ካቴድራሉ የሚዘክረው የአንዱን ወገን ሟቾች ነው። ንጃው ስቅለቱን በሁለቱም ወገን መሬት ላይ አቆሙት። ይህን ለማድረግ የቻሉት ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ ይመስለኛል። የሰፈሩ ልጅ ቢሆኑ ኖሮ ገና ብሩሽ ሳያነሡ የማን ወገን ነህ ይባሉ ነበር። መንገደኛው ግን ኮረብታውን ኮረብታ አድርጎ ማየት ቻለ። ጉዞ ለሠዓሊ ምን ያደርግለታል ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በ1963 ደቡብ አፍሪካዊው ስደተኛ ደራሲ ኢዝኪኤል ምፋሌሌ ናይሮቢ ላይ ቼምቼሚ የተባለ የጥበብ ማዕከል ሲከፍቱ የሥዕሉን ክፍል ንጃው ያዙ። በ1965 ደግሞ ከጓደኞቻቸውና ከባለቤታቸው ከደራሲዋ ሬቤካ ንጃው ጋር ፓ ያ ፓን መሠረቱ። ያን ጊዜ አፍሪካውያን ሠዓሊዎች የራሳቸው የሚሉት ጋለሪ በከተማዋ ብርቅ ነበር። እስከዚያ እሳቸው ወደ ሰው ይሄዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ እሳቸው ይመጣ ጀመር። ሥዕል ይታያል፣ ግጥም ይነበባል፣ ወጣቶች ይሠለጥናሉ። በ1997 እሳት ተነሥቶ ሥዕሉንም መጻሕፍቱንም በላው። ንጃው ግን በሩን አልዘጉትም።

ይህን ሳይ የእኛዎቹ ሠዓሊዎች ጉዞ ይታወሰኛል። እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 ለንደን፣ ቀጥሎም ፓሪስ ሄዱ። በ1966 ተመልሰው አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ቀሪውን የመምህርነት ዘመናቸውን የወሰደው ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሐረሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምረው መጡ፣ አስተማሩ፣ ተሰደዱ፤ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፉ። ሁለቱም ያስተማሩት ፍሬ አፍርቷል፤ ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ በሁለቱም እጅ ያለፈ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ለእኛ ሠዓሊ ጉዞ ማለት ባሕር መሻገር ብቻ ሆኖ ቀረ። ከካምፓላ፣ ከሙራንጋ፣ ከናይሮቢ የሚማረውን ነገር ያለ አልመሰለንም። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው።

የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይህን የምታነብቡ ከሆነ፣ ዕረፍታችሁን እዚህ አሳልፉ። እዚሁ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በቲካ መንገድ ወደ ሙራንጋ ውጡ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካቴድራሉ ጸሎት የሚደረግበት ቤት ስለሆነ ሥዕሎቹን ለማየት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።