ቆራሌው ሳይመጣ

ዓለም ገና ቤት ሠርቶ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከአሮጌ ዕቃው ጋር ነው። ከጉለሌ ወይም ከአራት ኪሎ ጭኖ ይመጣል፤ አዲሱ ሳሎን ደግሞ አዲስ ሶፋ ይላል። አሮጌው ዕቃ መጀመሪያ ወደ ኮሪደር፣ ቀጥሎ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ በመጨረሻ ቆራሌው ትከሻ ላይ ያርፋል። በዚህ መንገድ ስንቱ ሬዲዮግራም አለቀ! የዛሬ ልጅ "ሬዲዮግራም ደግሞ ምንድን ነው?" ቢል አይፈረድበትም። ሬዲዮ፣ የሸክላ ማጫወቻና ድምፅ ማጉያ በአንድ የእንጨት ሣጥን የያዘ፣ በደጉ ዘመን ሳሎን ውስጥ እንደ አባወራ የሚከበር ዕቃ ነበር። ኋላ ዳንቴል ለብሶ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆነ።

የአባቴም ዕጣው ይኸው ነበር። ከቆራሌው ያስጣለው የወንድሜ ልጅ ነው። "ለምን ከስልክ ጋር አናገናኘውም?" አለ።

ነገሩን ሳስበው ደስ አለኝ። በዚያ ሣጥን ላይ ይዞሩ የነበሩት ሸክላዎች ብዙ አገር ያዩ ናቸውና። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የአገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ መደብር ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ድረስም መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላ አወጣ። ከዚያ ዘመነ ካሴት መጣና ሸክላው አቧራ ጠጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ዘፈኖች "ኢትዮፒክስ" በሚለው ተከታታይ ሲዲ ያወጣቸው ጀመር። አሁን ዩቲዩብ ላይ ናቸው። እንግዲህ ከህንድ መጥቶ በዚህ ሣጥን የተሰማ ዘፈን በፓሪስ በኩል ዞሮ፣ በስልክ አድርጎ እዚያው ሣጥን ሊገባ ነው ማለት ነው!

ማገናኘቱም እንደፈራነው አልሆነም። የጅማና የቡታጅራ መንገድ ከሚለያዩበት አካባቢ አንድ ሬዲዮ ሠሪ አመጣን። ከሣጥኑ ጀርባ ለቴፕ የተተወ ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ አለ። የክብሪት ቀፎ የምታህል የብሉቱዝ መቀበያና ከእሷ ወደ መሰኪያው የሚሄድ ገመድ በቃ። ሠሪው አጥብቆ የነገረን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገመዱ በሸክላ ማጫወቻው መስመር እንዳይገባ፤ ማግኔት ላለው የሸክላ መርፌ የተሠራ መስመር የሚጠብቀው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ የስልኩ ድምፅ ሲመጣበት ያጓራል። ሁለተኛ፣ ለዓመታት የተኛ ዕቃ ዘሎ ሶኬት ላይ አይሰካም። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ደርቀው ሊፈነዱ ይችላሉ፤ በቫልቭ የሚሠሩት ደግሞ ከጠፉ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ መፍታቱን ለባለሙያ መተው ነው። ዳታውን ለሚፈራ፦ በሰከንድ 160 ኪሎቢት የሚመጣ ሙዚቃ በሰዓት የሚበላው 72 ሜጋባይት ያህል ነው። ቪዲዮ ከተከፈተ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋማ ያው ሁላችንም እኩል ነን።

ከዚያ በፊት ቤታችን አምስት ሰው አምስት ዘፈን ይሰማ ነበር፤ ሁሉም በየኤርፎኑ። አባባ ብቻ ምንም አይሰሙም። የስልክ ድምፅ ለሰማንያ ዓመት ጆሮ የትንኝ ድምፅ ነው።

ሣጥኑ የተከፈተ ዕለት ልጁ አለማየሁን አጫወተ። ሠላሳ ሰከንድ እንደሄደ እንደ ልማዱ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ እጁን ሲዘረጋ አባባ "ተው! ገና መቼ ተጀመረ?" አሉት። ጥቂት ቆይተው ጠየቁ፦ "ሳክስፎን የሚነፋው ማን ይላል?" ልጁ ስልኩን አገላበጠ። የዘፋኙ ስም አለ፤ ፎቶውም አለ፤ ነፊው ግን የለም። "እኔ ልንገርህ" አሉና ጀመሩ። ራስ ሆቴል ገቡ፤ ያኔ የነበረውን ልብስ፣ ጫማ፣ ጭፈራ ቆጠሩ። እናቴ ከጓዳ ሆና "እኔን ጥለውኝ የሄዱበትን ቀን ነው የሚተርኩት?" አለች። ዘፈኑ አራት ደቂቃ አይሞላም፤ ወሬው ግን እራት አስረሳን። ተራው የልጁ ሲሆን ራፕ አሰማቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና "ይኼ ልጅ ከማን ጋር ነው የተጣላው?" አሉ። እሱም በተራው አስረዳቸው።

ዘፈኑን ከህንድም ከፓሪስም ማምጣት ተችሏል። ማን እንደነፋው፣ ማን እንደጨፈረበት፣ በዚያ ዘፈን ማን ማንን እንዳገባ የሚያውቀው ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ነው። አምሃም አለማየሁም እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ያን ዘመን በጆሯቸው የሰሙትም እየቀነሱ ነው፤ እኛ ደግሞ እነሱ ባሉበት ቤት ጆሯችንን ደፍነን እንቀመጣለን።

ሬዲዮግራም የሌለው ሰው ተራ ድምፅ ማጉያም ይበቃዋል። አንድ ምሽት ኤርፎኑን ይንቀልና የእነሱን ዘመን ዘፈን ከፍ አድርጎ ይክፈት። ከዚያ "ይኼን ያውቁታል?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ቀሪውን እነሱ ይጨርሱታል።