ድንኳን ለሠርግ፣ ድንኳን ለልቅሶ፣ ድንኳን ለእኛ

«ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለልቅሶ ነው። ይሄኛው ለየትኛው ነው?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ሳሎናችን መካከል ለሙከራ የዘረጋሁትን ድንኳን በእግሯ ጫፍ እየነካካች። ልጆቹ ግን ውስጡ ገብተው ዚፑን ዘግተው ነበር። ትንሿ ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ታላቋ ድንኳን የምታውቀው ጎረቤት ሰው ሲሞት መንገድ ዘግቶ የሚቆመውን ነው።

ባለቤቴ ተወልዳ ያደገችው ፒያሳ ነው። ሜዳ ላይ አድራ አታውቅም። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በልጅነቴ እሸት ሲደርስ ከአባቴ ጋር ማማ ላይ አድሬ ዝንጀሮና ከርከሮ ጠብቄአለሁ። እሷ «አንድ ሌሊት ብቻ፣ እሱም ቦታው ካማረኝ» ብላ ስትስማማ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ከደስታዬ በታች አንድ የደበቅኳት ነገር ነበር። እሱን ልንገራችሁና ከዚያ ስለ ቦታ አመራረጥ እናወራለን፤ ሁለቱ አይለያዩምና።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ከነበረው ወንድ ልጄ ጋር ሱሉልታ ሄደን ነበር። ማንንም አላማከርኩም። ከዋናው መንገድ ወጥቼ በመኪና የቻልኩትን ያህል ገባሁና ዓይኔን የማረከኝን ቦታ መረጥኩ፦ ለጥ ያለ ሜዳ፣ አጠገቡ ትንሽ ጅረት፣ በዙሪያው ሰው የማይታይበት። ፎቶ ቢነሣ የመጽሔት ሽፋን ይሆናል። ስህተቱ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነበር፤ እኔ የመረጥኩት ለካሜራ እንጂ ለሌሊት አልነበረም።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ሯጮቻችን የሚለማመዱበት ያ ቀጭን አየር፣ በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን የያዘውን ሙቀት በሌሊት ሙልጭ አድርጎ ይለቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነውና እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈሳል። ዝቅተኛው ቦታ እኛ ከጅረቱ ዳር የተኛንበት ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን የድንኳኑ ጨርቅ በውርጭ ጠንክሮ ነበር።

ከዚያ ባትሪ ብርሃን ታየ። ሦስት ሰዎች ዱላ ይዘው መጡ። የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ ከብት ሌባ መስለናቸው ነበር። አልፈረድኩባቸውም። እናንተስ ግቢያችሁ ውስጥ በሌሊት የማታውቁት ሰው ድንኳን ተክሎ ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ሽማግሌው ልጄን ሲያዩ ድምፃቸው ለሰለሰ። «እንግዳ ሜዳ ላይ አያድርም፣ ቤት ግቡ» አሉን በተሰባበረ አማርኛ። እኔ በኩራት «ደህና ነን አባባ» አልኩ። ያቺ ኩራት ዋጋ ልታስከፍለኝ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ ልጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ውጭ ሻይ ያፈላሁበት የከሰል ምድጃ ገና ፍም ነበረው። አንሥቼ ወደ ድንኳኑ አስገባሁትና ዚፑን ዘጋሁ። አዎ፣ አስገባሁት። በየክረምቱ ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው ስለሞቱ ሰዎች የምንሰማ የአዲስ አበባ ሰዎች ነን፤ ግን «ይሄ ጨርቅ ነው፣ አየር ያስገባል» ብዬ ራሴን አታለልኩ። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የሚመጣው እንቅልፍም የጤና እንቅልፍ ይመስላል። ያዳነን ልጄ አለመተኛቱ ነው። «አባዬ፣ ራሴን» አለኝ። ልነሣ ስል የእኔም ራስ ዞረ። ጎትቼው ወጣሁ። ሜዳው ላይ አስመለሰው። ሌሊቱን መኪና ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለን፣ መስኮቱን ገርበብ አድርገን አነጋነው።

ጠዋት ወደ ቤት ስንመለስ «ለእማዬ በረደን ብቻ እንበላት» አልኩት። እሺ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ የአባቱን ምስጢር ተሸክሞ ኖረ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ቤተሰቡ «ቅርብ ይሁን» ስላለ ከከተማችን ዳር ያሉትን ሦስት አቅጣጫዎች አሰብኩ። ሱሉልታን ታውቁታላችሁ፤ ሜዳው የሰው እርሻና ግጦሽ ነው፤ ብርዱም ለጀማሪ አይሆንም። በቡራዩ በኩል ገፈርሳ አለ። ውኃው ዓይን ይስባል፤ ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተገነባው ይህ ግድብ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ነው። እኛው የምንጠጣው ውኃ ዳር ምግብ ማብሰልና መፀዳዳት ነውር ነው። ቀን ከሩቅ ዓይቶ ማለፍ ይበቃል። ከከተማው በላይ ያሉት የባሕር ዛፍ ተራሮችስ? ጥላቸው ያምራል፤ ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ እሳት ይወዳል፤ ቅርንጫፉም በነፋስ ይወድቃል። ብዙውም ባለቤት ያለው፣ የሚቆረጥ ዛፍ ነው።

ሦስተኛው በሰበታ በኩል ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያረፈ ጥንታዊ ደን። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ዛሬ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ አንድ ላይ ይገኙበታል። ደኑ ጽሕፈት ቤት አለው፣ ጥበቃ አለው፣ የሚጠየቅ ሰው አለው። ለእኔ ወሳኙ ይሄ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ይህን እናንተም እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ፦ የምታድሩበትን ቦታ መጀመሪያ በቀን እዩት። ከሰበታ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ኮረኮንች መንገድ መኪናዬን እንደሚችለው አየሁ። ጽሕፈት ቤቱ ገብቼ ስለ ክፍያው፣ ስለ ጥበቃውና ከሁሉም በላይ ስለ አካባቢው ወቅታዊ ጸጥታ ጠየቅኩ። ይህን ጥያቄ ማፈር አያስፈልግም። የአካባቢው ሰው «አሁን ቆዩ» ካላችሁ ትቆያላችሁ፤ ደኑ አምስት መቶ ዓመት ጠብቋል፣ አንድ ወር አያቅተውም።

ከዚያ ጥበቃው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ አሳየኝ። ከጽሕፈት ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ መንገዱ አንድ ጊዜ ስለሚታጠፍ ግን ምንም ቤት አይታይም፣ የመኪና ድምፅ አይሰማም። ከዚያ ቆመን ጥበቃው ጓደኛውን ጮኾ ጠራው። ጓደኛው መለሰ። በቃ፣ ቦታው ይሄ ነው አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድር ሰው ገለል ያለ ቦታ ማለት ከጫጫታ የራቀ ማለት ነው፤ ከእርዳታ የራቀ ማለት አይደለም። ሱሉልታ ላይ ያልገባኝ ይህ ነበር።

ሌላም ያየሁትን ልንገራችሁ። መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ግን ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ብርዱም ዝናቡም ወደ ታች ያልፋል። ቀና ብዬ ራሴ በላይ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን አረጋገጥኩ። ዙሪያውን ያሉት ዛፎች ነፋስ ይሰብራሉ፤ ሜዳ ላይ ወደ ሰማይ የሚበተነውንም ሙቀት በመጠኑ ይይዛሉ። ውኃው ከሰባ እርምጃ በላይ ይርቃል። ሳማ የለበትም። መኪናው ቅርብ ስለሆነ አንዷ ልጅ ሌሊት ብትታመም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጉዞ እንጀምራለን። ስልክ የሚይዝበትንም ቦታ ለየሁ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ሄድን። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱን ከመሬት በሚለይ ወፍራም ስፖንጅ፣ በስሊፒንግ ባግ፣ በካልሲና በሱፍ ኮፍያ መመከት ይቻላል። ከሥር የሚገባው ብርድ ከላይ ከሚመጣው ይብሳልና መጀመሪያ ስለ ፍራሹ አስቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በአሥር ሰዓት ድንኳኑን ተክለን ጨረስን። የድርቆሽ ፍርፍር፣ ቆሎና በፔርሙስ ሻይ ይዘናል። ማብሰያችን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ነው፤ ከድንኳኑ ርቆ፣ ሜዳ ላይ።

ማታ ብርዱ ጠንከር ሲል ባለቤቴ «ለምን ትንሽ ከሰል አልያዝንም? ድንኳኑን ሞቅ ያደርግልን ነበር» አለች።

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው አሁን። ምንም አላለም፤ ግን ዓይኑ «አሁንም ዝም እንበል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። መልስ የምሰጠው ለእሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ነገርኳት። ሜዳውን፣ ሽማግሌውን፣ ፍሙን፣ የልጁን ማስመለስ፣ «በረደን ብቻ እንበላት» ያልኩትን ሁሉ። ስጨርስ ጸጥ አለች። ተነሥታ ወጣች። ወደ መኪናው የምትሄድ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ግን ከድንኳኑ ጥቂት እርምጃ ርቃ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ሰማዩን እያየች ቆመች። ሩቅ ጅብ ጮኸ። ጥበቃው ከመታጠፊያው ማዶ «እትዬ፣ ሩቅ ነው፣ አይፍሩ» አላት።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ሁለተኛ እንዳትከለክይን ፈርቼ።»

«እከለክልህ ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አንድ ዓመት ያህል። ከዚያ ግን ቦታውን አብረን እንመርጥ ነበር። የእኔ ፍርሃት እኮ እዚያ ሜዳ ላይ ቢኖር ኖሮ ምድጃውን አያስገባም ነበር።»

የምመልሰው አልነበረኝም። እውነቷን ነው።

ተመልሳ ገብታ ልጃችንን አቀፈችው። «ከዛሬ ጀምሮ አባትህ ለእማዬ እንዳትነግር ያለህን ነገር መጀመሪያ የምትነግረው ለእኔ ነው» አለችው። ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ የድንኳኑን ሁለቱንም የአየር መተንፈሻ ራሷ ከፈተች፣ ልጆቹን መካከል አስተኛች፣ ባትሪውን ራስጌዋ አደረገች። እኔ ብዙም አልተኛሁም። ሦስቱ ሲተነፍሱ እያዳመጥኩ አነጋሁ። በልጅነቴ ማማው ላይ ሆኖ አባቴ ለምን እንደማይተኛ ያኔ ገባኝ።

ንጋት ላይ የቀሰቀሱን ጉሬዛዎች ናቸው። ከጽዱ ጫፍ ላይ ሆነው በዚያ በሚያንኮራፋ በሚመስል ድምፃቸው ደኑን ሞሉት። ትንሿ ልጄ ነጭ ጅራታቸውን እያየች «ጋቢ ለብሰዋል!» አለች። ጥበቃው መጥቶ «አካም ቡልተን?» አለን፤ እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግማው ተማረችው። ቡናውን ያፈላችው እሷ ናት፤ ለጥበቃውም የመጀመሪያውን ስኒ ሰጠችው።

እና እናንተ ለባለቤታችሁ፣ ለልጃችሁ ወይም ለእናታችሁ የመጀመሪያዋን የድንኳን ሌሊት ስታስቡ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ በቀን እዩ፣ ከፍ ያለ ደልዳላ ቦታ ምረጡ፣ ጮኻችሁ የሚሰማችሁ ሰው ይኑር፣ ከሰል ወደ ድንኳን ከቶ አታስገቡ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ከሁሉ በላይ ግን ቦታውን ስትመርጡ የሚፈራውን ሰው አብራችሁ አስመርጡ። ጀግናው የማያየውን እሱ ያያል።

ወደ ሰበታ ስንወርድ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ሁለቱ ልጆች ትከሻዋ ላይ ተኝተውባት፣ በመስታወቱ አየችኝ።

«የሚቀጥለውን ቦታ የምመርጠው እኔ ነኝ» አለች።

ድንኳኑ ለሠርግም ለልቅሶም አልሆነም። አሁን ቁም ሣጥኑ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እሷ ቀን እስክትቆርጥ።