የእማማ ወረንጦ
ጽጽቃ፣ ዝቋላ ወረዳ፣ ዋግ ኽምራ

ውድ እህት ወንድሞች፣ የእማማ ሙት ዓመት በሰላም ተጠናቋል። ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ተነሥቷል። ሥራና መንገድ ይዟችሁ መቅረታችሁን ቤቱ ስለሚያውቅ ማንም አልተቀየመም። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው እንደነበራችሁበት ያህል እንዲሆንላችሁ ነው።

ከላሊበላ በብልባላ በኩል ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ተራራ ወጥቶ ተራራ እየወረደ ሰቆጣ ያደርሳል። ሰቆጣ የዋግሹሞች መናገሻ ናት። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ የዚህ አገር ሰው ነበሩ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ የጥንት ዋግሹሞች አፅም እዚያው ተቀምጧል። ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ሲኬድ መሬቱ ወደ ተከዜ ቆላ ያዘቀዝቃል፣ አየሩም ይሞቃል። በገበያው ኽምጣናና አማርኛ በአንድ አፍ ይነገራል። ሻጩ ዋጋውን በአንዱ ጠርቶ ምርቃቱን በሌላው ይጨርሳል። ፍየሉና ማሩ እንደ ድሮው ነው።

ቤቱም እንደ ድሮው ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ መደቡ አፈር፣ እንስራው ከበሩ በስተቀኝ። ያ እንስራ ከቦታው ንቅንቅ አይልም ነበር። የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ስለነበረ ነው፤ ማንም ዕቃ ያነሣ ወደነበረበት ይመልስ። ይህ ከተከበረ እማማ ዓይናቸው ባያይም ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ያለ መሪ ይዞሩት ነበር። ልጆች ሕጉን ጥሰው ዱላ ሲያገኛቸው ያየ የለም። እማማ በወንበሩ ተደናቅፈው ራሳቸው ቀድመው ሲስቁ ግን ልጆቹ በእፍረት ሮጠው ወንበሩን ይመልሱት ነበር።

ለቀስተኛው ሁሉ መጀመሪያ ያነሣው ያንን ሳቅ ነው። ሁለተኛ ያነሣው ፈትላቸውን ነው።

እማማ ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንዝርቱን በቀኛቸው ጭን ላይ አሹረው ሲለቁት ለተመልካች ዓይናማ ይመስሉ ነበር። ክሩ ሲቀጥን ጣታቸው ቀድሞ ያውቃል። ለድር የሚሆነውን ከማግ የሚለዩት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አንዴ አሳልፈው ነው። ከአጠገባቸው የተቀመጠች ልጅ የፈተለችውን ብታቀብላቸው ዳሰስ አድርገው «አየሁት፤ እዚህ ጋ ወፍሯል» ይላሉ። «አየሁት» የሚለውን ቃል ትተውት አያውቁም። እንግዳ ሲመጣም «ቅረብ እስቲ ልይህ» ብለው ፊቱን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ፤ መክሳቱንም መወፈሩንም ይነግሩታል። የሠፈሩ ሸማኔ በሙት ዓመቱ ቀን ተነሥቶ ሲመሰክር፣ ከብዙ ዓይናማ ፈታይ ይልቅ የእማማ ድር ሸማ ላይ ሳይበጠስ ይውል እንደነበር ተናግሯል።

የሰባ ሰባቱን ድርቅም ሽማግሌዎቹ አነሡ። በጥቅምት 1977 የእንግሊዙ ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው ምስል ዓለምን ሲያስለቅስ፣ ከዋግ ወደ ኮረም ከፈሰሰው ሕዝብ መካከል እማማ አንዷ ነበሩ። መንገደኛው ቀን ቀን የጦር አውሮፕላን ስለሚፈራ ሌሊት ሌሊት ይጓዝ ነበር። በዚያ ጨለማ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። እማማ የጎረቤታቸውን ነጠላ ጫፍ ይዘው እያንጎራጎሩ ይሄዳሉ፤ ወደ ኋላ የሚቀሩ ልጆችም ያንን ድምፅ እየተከተሉ ይደርሱ ነበር። በሙት ዓመቱ ላይ ከነዚያ ልጆች አንዷ ተገኝታለች። ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። ተነሥታ አልተናገረችም፤ ቀኑን ሙሉ እንጀራ ስታቀርብ ውላለች።

በዚህ አገር ዓይነ ስውር ተከብሮ መኖሩ ከሩቅ የመጣ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔውም ዜማውም በቃል ስለሚያዝ ዓይነ ስውር የኔታዎች ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪው መጽሐፉን ገልጦ ያነባል፣ የኔታ ከቃላቸው ያርሙታል። ሌላም ሩቅ ያልሆነ ምሳሌ አለ። የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በወሎ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ቤተሰቧ ሻሸመኔ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላካት፤ ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለች። ዓይኗን ማጣቷ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናት ደጋግማ ተናግራለች።

ጉዳቱ የዓይን ባይሆንም ሻምበል አበበ ቢቂላንም አስታውሱ። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማራቶን ያሸነፈው አበበ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ሊወረውር ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ ሳለ መወዳደሩ አልቀረም፤ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ቀደመ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር። ልጁ ጽጌ አበበ ከዓመታት በኋላ የአባቷን ሕይወት በመጽሐፍ ጽፋለች። አባትን እንዲያ ማስታወስ ለብዙ ቤተሰብ አርአያ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። የእማማ ደስታ እውነት ነው። ደስተኛ መሆናቸው ግን ዓይናቸውን ያጠፋውን ነገር ይቅር አያሰኝም።

ሣጥናቸው ሲከፈት ከነጠላቸው ሥር አንዲት ትንሽ ወረንጦ ተገኝታለች። ድሮ ከማተባቸው ጋር በክር አንገታቸው ላይ ታንጠለጥል የነበረችው ናት። ጫፏ ከመንቀል ብዛት ሳስቷል። ዓይናቸው ገና በሚያይበት ዘመን በየጠዋቱ በራቸው ላይ ወደ ብርሃኑ ዞረው የሽፋሽፍታቸውን ፀጉር ይነቅሉባት ነበር። ያኔ ቤተሰቡ ይህን እንደ ሴት ወግ ያየው ነበር፤ በሽታ መሆኑን ያወቀ አልነበረም።

በሽታው የዓይን ማዝ፣ በሐኪም ስሙ ትራኮማ ነው። ባክቴሪያው በዝንብ፣ በእጅና በጋራ በሚጠረግበት ጨርቅ ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት ይተላለፋል። እናቶች ከልጆች ስለማይለዩ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ደጋግሞ የያዘው ዓይን ከሽፋኑ ውስጥ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሽፋኑን ይስበውና ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ያ ፀጉር ብሌኑን ይፍቃል። ወረንጦ ሕመሙን ለጥቂት ቀን ያስታግሣል፤ ፀጉሩ ግን አጭርና ጠንካራ ሆኖ እንደገና ይበቅላል። ብሌኑ እንዲህ እየተፋቀ ነጭ ይሆናል። እማማም የታወሩት እንዲህ ነው።

ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ከፍተኛውን የትራኮማ ሸክም የተሸከመች ስትሆን፣ አማራ ክልል ደግሞ ክፉኛ ከተጠቁት መካከል ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየታወጀ፣ በካርተር ማዕከል ድጋፍ መድኃኒቱ ለሚሊዮኖች ታድሏል። ሆኖም ክኒን ብቻውን አይበቃም። ፊት መታጠቢያ ውኃ፣ ዝንብ የማይራባበት መጸዳጃ ቤት፣ ፀጉሩ ለተቀለበሰበትም ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ጦርነትና ድርቅ በተፈራረቁበት ዋግ ኽምራ ደግሞ ውኃው ራሱ ጭንቅ ነው። በዝቋላ ቆላ አንዲት ጀሪካን የምትቀዳ ልጅ ፊቷን ለመታጠብ ሳይሆን ለምግብ ማብሰያ ትቆጥባለች። ያም ሆኖ በሽታው የማይቻል አይደለም፤ ጋና በ2018 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን አስቀርታለች።

ወረንጦዋ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታሽጋ መጥታላችኋለች። እንዝርቱ ለታናሿ እህት ተሰጥቷል፤ ወረንጦዋ ግን የሁላችሁም ትሁን። አዲስ አበባም ሆነ ደሴ፣ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ዓይናቸውን እያሹ ፀጉር ሲነቅሉ ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ቀዶ ጥገናው ዓይኑ አካባቢ በሚደነዝዝ መድኃኒት የሚሠራ ነው፤ የሠለጠነ የዓይን ባለሙያ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ታካሚዋም በዚያው ዕለት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።