ከወንበሬ ሳልነሳ

የምቀርጸው ብቻዬን ነው። ፍሪላንስ ስትሆን ጠያቂውም፣ ካሜራማኑም፣ የመብራት ሠራተኛውም አንተው ነህ። ደመወዝ አትከፋፈልም፤ የሚከፋፈል ሲገኝ ማለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ስለጠፋባቸው ልጅ ሊነግሩኝ ቤታቸው አስገቡኝ። 50 ዋት ኤልኢዲዬን ፊታቸው ላይ ለቀቅሁት። ሃያ ደቂቃ ዙሪያውን ሲሄዱ ቆይተው ወደ ዋናው ነገር ሲቃረቡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ከለሉ። መብራቱ ከብዷቸዋል። ተነሥቼ ቀነስኩላቸው። ተመልሼ ስቀመጥ ግን ወሬው ተበጥሷል። «ተወው ልጄ፣ ቡናህን ጠጣ» አሉኝ።

ሳልነሳና ሳልነካው ብርሃኑን የምቀንስበት ነገር ልሥራ ብዬ የተነሣሁት ያኔ ነው። አርዱይኖና ርቀት የሚለካ ሴንሰር ከመርካቶ ገዛሁ (ዕቃው ሁሉ በዶላር እንደሚገባ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለማናችሁም አልነግራችሁም)። ሴንሰሩ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ለቆ ማሚቶውን ይጠብቃል። መዳፌ 17 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ድምፁ ደርሶ የሚመለሰው በአንድ ሺኛ ሰከንድ ነው። እጄ ሲቀርብ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ሲርቅ ይደምቃል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። 12 ቮልት ላይ 50 ዋት ማለት ከ4 አምፔር በላይ ስለሆነ አርዱይኖው ራሱ አይችለውም፤ መሀል ላይ ሞስፌት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የገዛሁት አይአርኤፍ 520 በደንብ ለመከፈት 10 ቮልት ይፈልጋል፤ አርዱይኖ የሚሰጠው 5 ነው። በግማሽ ተከፍቶ ጣት እስኪያቃጥል ጋለ። በ5 ቮልት በሚከፈተው አይአርኤልዜድ 44 ኤን ቀየርኩት።

ቀጥሎ ካሜራው አመፀ። ኤልኢዲው የሚደበዝዘው በሰከንድ 490 ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው። ዓይን አይለየውም፤ ቪዲዮው ላይ ግን ጥቁር መስመር ይሄዳል። ሁለት ሌሊት ከፈጀብኝ በኋላ ፍጥነቱን ወደ 31 ሺህ ገደማ አሳደግሁትና መስመሩ ጠፋ።

መጨረሻ የቀረው የእኛው ልማድ ነበር። የሞከርኩበት ጓደኛዬ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ እጁን ባወናጨፈ ቁጥር ክፍሉ ይጨልማል! ሴንሰሩን ወደ እኔ ጉልበት አዞርኩት፤ እጅ አንድ ሰከንድ ካልቆየበትም እንዳይሰማ አደረግሁት።

ባለፈው ሳምንት ለእኚያ እናት ደወልኩላቸው። ና አሉኝ። «በጠዋት ድረስ፤ መስኮቱ ይበቃናል፣ ያንን መብራት አታምጣው።»