ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው?



በአንድ የቤት ኅብረታችን ላይ መጽሐፍ ቅዱስ በየተራ እየተነበበ ሳለ፣ ተራው አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት እህታችን ጋ ደረሰ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። መጽሐፉን ተቀብላ ጥቂት አየችውና፣ “ዓይኔን ያመኛል” ብላ አጠገቧ ለተቀመጠችው አቀበለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኅብረቱ ጠፋች። ከወር በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝተን ምን እንደሆነች ጠየቅናት። “ፓስተር፣ ዓይኔስ ደህና ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም” አለችን።

አፈርን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኛ ልጆች ነበርን። እናቶቻችን ከሥራ በኋላ ደብተር ይዘው ሲወጡ አይተናል። ያ ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ነበርና፣ ነገሩ በወላጆቻችን ጊዜ ያለቀ መስሎን ነበር። መዝሙሩን በቃሉ ይዞ ከጎናችን የሚዘምር፣ ማንበብ ግን የማይችል ወጣት መኖሩን ልብ አላልንም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ጀመርን። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ወጣቶች መጡ፤ በአምስተኛው ሳምንት የመጡት አራት ብቻ ነበሩ። ጠላት አገልግሎታችንን ተቃወመ ብለን ጸለይን። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። የሕፃናት መጽሐፍ ሰጥተን፣ በልጆች ትንንሽ ወንበሮች ላይ አስቀምጠን፣ “ጎበዝ!” እያልን እናስተምራቸው ነበር። በሸክም ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድም፣ “ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምን መማር እንደምንፈልግ አንድም ቀን አልጠየቃችሁንም” አለን።

ጠየቅን። እሱ የሚፈርምበትን የክፍያ ወረቀት ማንበብ ይፈልጋል። እህታችን የታክሲ ታፔላና ከባንክ በስልኳ የሚመጣላትን መልእክት፣ ሌላዋ ደግሞ የቀበሌ ቅጽ ራሷ መሙላት። ከእነዚህ ጀመርን። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ስለ ፓውሎ ፍሬሬ አንብበን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በብራዚል፣ አንጊኮስ በምትባል ከተማ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችን ከገዛ ኑሯቸው በተወሰዱ ቃላት ማንበብ ያስተማረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥ አይፈቀድለትም ነበር፤ ፊደል መቁጠር ድምፅ ማግኘትም ነበር። ይህን እያወቅን ረስተነዋል።

ድምፁ ወደ እኛም መጣ። በዓመታዊው የአባላት ጉባኤ ላይ ስለ ችግረኞች መርጃ ሪፖርት ሲቀርብ ያቺ እህት እጇን አወጣች። ወረቀቱን እያየች፣ “እዚህ የኮሚቴው አባላት ስም ተጽፏል። እርዳታውን ከምንቀበለው ውስጥ ግን አንድም ሰው የለበትም። ለምንድን ነው?” አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛም፣ “ጊዜ ስላጠረን ለሌላ ቀን እናቆየው” ብለን አለፍነው።

ያን ሌሊት የበርጤሜዎስን ታሪክ (ማርቆስ 10፥46–52) ከፍተን እንቅልፍ አጣን። ስንት ጊዜ ሰብከንበታል! ያን ሌሊት ግን ራሳችንን ያገኘነው ዕውሩን ዝም ካሰኙት ሰዎች መካከል ነው። ጌታ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው ጠፍቶበት አይደለም፤ በሰው ሁሉ ፊት ራሱ እንዲናገር ነው። በርጤሜዎስም ዓይኑ ሲበራ ተነሥቶ በመንገድ ተከተለው።

በሚቀጥለው እሑድ በምእመናን ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። ዛሬ ከተማሪዎቹ ሁለቱ የኮሚቴው አባላት ናቸው። አንዳንዴ ይቃወሙናል፤ ችግሩን ኖረው ስለሚያውቁት ብዙ ጊዜ ልክ እነሱ ናቸው።

ሁሉ ነገር ተቃንቷል አንልም። ያ ወንድማችን ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ሦስት እህቶች ደግሞ አሠሪዎቻቸው ስላልፈቀዱላቸው ከትምህርቱ ቀርተዋል። ከአሠሪዎቹ አንዷ የእኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ናት።

ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ፣ በቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ጊዜ ስጧት፤ ደሞዟንም አትቁረጡባት። ከዚያ በፊት ግን ምን መማር እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ ተናግራ እስክትጨርስም ስሟት።

ጌታ ይርዳን፤ አሜን።